ለጠብ የማይበጅ ስድስት ጎራሽ

በእጄ ካለፉት መሣሪያዎች ሁሉ አብልጬ የደከምኩበት ስድስት ጎራሽ ለጠብ አይበጅም። ሞላውን ለውጬ፣ ምላጩን አለስልሼ፣ መዶሻውን ቆርጬ፣ የከበሮውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ሞርጄ ያበጀሁት ነው። ደመኛ ያለበት ሰው ቢገዛው ግን ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው። ኮት ሥር አይሸጎጥም፤ ያገኙትን ጥይት ሁሉ አይተኩስም፤ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይም ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል። ይህን ለባምቢስ ልጆች ስናገር የሚያምነኝ አላገኘሁም። መሣሪያ በተሠራ ቁጥር ገዳይነቱ ይብሳል እንጂ ይቀንሳል ብሎ ማን ያስባል? እኔም ባምቢስ ሳለሁ አላስብም ነበር።

ባምቢስ ስሙን ያገኘው ከግሪኩ ነጋዴ ሱፐርማርኬት ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በእስጢፋኖስ በኩል ወደ ዑራኤል የሚሄድ ሰው ያገኘዋል፤ ከበላዩ ካዛንቺስ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ በእስጢፋኖስና በዑራኤል መካከል ያለውን ጣቢያ ባምቢስ ብሎታል። ካዛንቺስን የጀመረው ጣሊያን ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ይሁን ብሎ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ግን እዚያ የማይኖር ዓይነት ሰው አልነበረም። የኢሲኤ ጸሐፊ፣ የቡና ቤት እመቤት፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፣ ጡረተኛ ወታደር፣ ሁሉም ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳ ነበር። ከጡረተኞቹ አንዱ ጎረቤታችን ባሻ ናቸው።

ባሻ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ባሠለጠኑት ፖሊስ ውስጥ አገልግለዋል። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ የእንግሊዝ ስድስት ጎራሽ ነበራቸው። ከላይ ያለችው መቆለፊያዋ ስትገፋ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ይልና መሣሪያው ከወገቡ ይከፈታል፤ ስድስቱ ጥይት ባንዴ ብድግ ይላል። ከእጀታው ሥር ገመድ የሚገባባት ቀለበት አለችው። እጀታው ላይ ደግሞ ጠገራ ብር አስቀልጠው መስቀል አስቀርጸውበታል። ማህደሩ ወፍራም የበሬ ቆዳ ሆኖ ቅባት ሲነካው የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እሑድ ከዑራኤል ቅዳሴ መልስ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና ይወለውሉታል። እኛ የግቢው ልጆች ዙሪያቸውን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ከፍተው ጥይቱን ያወጣሉ፤ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ተነስተው ቆጥ ላይ ያስቀምጡታል። ተመልሰው ደግሞ ባዶውን ከበሮ ወደ ብርሃን አዙረው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያያሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ባዶ መሆኑን አይቶ ብድግ አደረገና ወደ ወንድሙ አነጣጠረ። ባሻ ጆሮውን ጠምዝዘው መሣሪያውን ከእጁ ወሰዱና ለሁላችንም ተናገሩ፦ «ባዶ መሣሪያ የሚባል የለም። ባዶ ነው ብሎ የገደለ እንጂ ባዶ መሣሪያ የለም።»

«ባሻ፣ ተኩሰውበት ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መሣሪያ የሚተኮሰው ሲቸግር ነው ልጄ። የሚወለወለው ግን ሁልጊዜ ነው» አሉኝ።

ተኩሰውበት እንደማያውቁ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያ መሣሪያ ሥራው መታየት ነበር። ጥምቀት ሲሆን፣ ሠርግ ሲጠሩ፣ ባሻ ካፖርታቸውን ከፈት አድርገው ይለብሱ ነበር፤ የብር መስቀሉ እንዲታይ። ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል፤ እሳቸውም በዚያው መጠን ጨዋ ይሆናሉ። ሽጉጥ በእኛ አገር ዕድሜውን የኖረው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ከተኳሽነት ይልቅ በሿሚነት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ እንኳ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ የክብር ስጦታ ነበር። ሽጉጡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ምን እንደተጻፈበት ይተረካል። ቀጥ አድርጎ ይመታል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ፣ ባሻ እስኪመጡባቸው አልጠበቁም። መሣሪያውን በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ቀበሌ ወስደው አስረከቡ። ማህደሩን የጠየቃቸው አልነበረም። ለጥቂት እሑዶች ባዶውን ማህደር ቅባት ሲያስነኩት አየሁ፤ ከዚያ ያንንም ተዉት። ጥምቀት ሲመጣ ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ። የሰፈሩ ሰው እንደ ወትሮው ባሻ እያለ እየተነሳ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ከአንገታቸው ጎንበስ ብለው ማለፍ ጀመሩ።

እኔ ተግባረ ዕድ ገብቼ ብረት ሥራ ተማርሁ። ከዚያ ካዛንቺስ ጀርባ በነበረ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጠርሁ። የምንሠራው የመኪና ቡሽ፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ጥርስ ነበር። እዚያ የተማርሁት አንድ ነገር ከሁሉ በለጠብኝ፤ ካሊብሮ አይዋሽም። ሰው አማረ ቢልም ባይልም ዘንጉ ከቀዳዳው ይገጥማል ወይም አይገጥምም። ኋላ አገር ለቅቄ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ስገባ ይዤ የሄድኩት ሙያ ይኸው ነው። ሥራ ያገኘሁበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር፤ ከፊት ለፊት ማሽን ሥራ፣ ከጓሮ ደግሞ በፈቃድ የመሣሪያ ጥገና ይሠራል። በወጣትነቱ የአሜሪካ ፖሊሶች በስድስት ጎራሽ በሚወዳደሩበት ግጥሚያ ብዙ ጊዜ ተሰልፏል። አንድ ማታ ሥራ ስንጨርስ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 625 የሚባለውን ትልቅ ስድስት ጎራሽ ከፍቶ፣ አሳይቶ፣ ባዶነቱን አስመስክሮ በእጄ አስቀመጠልኝና «ሳበው» አለኝ።

ሳብሁ። ጣቴ ተንቀጠቀጠ፤ አፈሙዙ ከግድግዳው ነጥብ ወርዶ ወለል አየ። ስድስት ጎራሽ ላይ አንድ ጊዜ ምላጭ መሳብ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ከበሮውን ያዞራል፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ያነሳል፣ በመጨረሻም ይለቀዋል። ለዚህ ከፋብሪካ እንደወጣ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል፤ ወደ 5 ኪሎ ማለት ነው። ራሱ መሣሪያው ከ1 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። 1 ኪሎ ዕቃ በክንድ ጫፍ ይዞ በአንድ ጣት 5 ኪሎ እየሳቡ አለማነቃነቅ ነው ጨዋታው። ለውድድር የሚያበጅ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

የጎን ክዳኑን በልኩ በተሠራ ካቻቢቴ ከፍተን ውስጡን ስናይ ገረመኝ። ጥቂት ብረቶችና ሁለት ዋና ሞላዎች ናቸው፤ አንዱ መዶሻውን የሚገፋ ጠፍጣፋ ሞላ፣ ሌላው ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልስ ጥምዝ ሞላ። የቶርኖ ቤት እጄ ወዲያው ሞረድ ፈለገች። ጌታዬ አስቆመኝ። ብረቱ ከብረት የሚፋተግበት ፊቱ ይወለወላል እንጂ ማዕዘኑ አይነካም፤ መዶሻውን ይዞ የሚለቀው ጥርስ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ቢጎድል መሣሪያው ያለ ሳቢ ሊተኩስ ይችላል። ደቃቅ ድንጋይና ዘይት ይዤ ስወለውል አመሸሁ። ከዚያ መላሹን ሞላ በቀጭን ለወጥን፤ መጠን አለው፤ በጣም ከቀጠነ ምላጩ ሳይመለስ ጣት ይቀድመዋል። ዋናውንም ሞላ አላላነው። ጉልበቱ ከ6 ፓውንድ በታች ወረደ። ያን ያህል ሲወርድ አፈሙዙ ግድግዳው ላይ ካለችው ነጥብ ሳይንቀሳቀስ መዶሻው ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው መሣሪያው ከጦር መሣሪያነት መውጣት የሚጀምረው። ሞላው ሲላላ መዶሻው የሚመታበት ኃይል ይቀንሳል። በቀለሁ ቂጥ ያለችው ካፕሱል ጠንከር ያለች ከሆነች አትነሳም፤ ጠቅ ብሎ ይቀራል። የስድስት ጎራሽ ተወዳዳሪዎች ስለዚህ ለስላሳ በመሆኑ የታወቀውን የፌደራል ፋብሪካ ካፕሱል እያሳደዱ ይገዛሉ፤ ሲጠፋ ይበዳደሩበታል። ጥይታቸውንም ራሳቸው ነው የሚሞሉት። ካፕሱሏ ጠልቃ ካልተቀመጠች የመጀመሪያው ምት እሷን ወደ ውስጥ ለመግፋት ይውልና ጉልበቱ ያልቃል። ውጤቱ ምን ሆነ? ጌታው በእጁ ያዘጋጀለትን ብቻ የሚበላ መሣሪያ። ወታደር የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ ዝገት ይዞት፣ የትም የተገኘ ጥይት ጎርሶ የሚተኩስ። የጦር መሣሪያ ሞላ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ መዶሻው። በሲኒማ የምናያት፣ በአውራ ጣት ወደ ኋላ የምትሳብ ጅራት አለችው። ለውድድር ይህች ጅራት ትቆረጣለች። መዶሻው ሲቀል ፈጥኖ ይወድቃል፤ ደግሞም ተወዳዳሪ በአውራ ጣቱ አያቀናም፤ ሁሉንም ምት በረጅሙ ስቦ ነው የሚተኩሰው። ጅራቷን በፍሬዛ ቆርጬ ጠርዙን ስሞርድ ባሻ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቢያዩኝ መሣሪያ አሰነከልህ ይሉኝ ነበር። ጅራቷ ከነማስፈራሪያ መልኳ ተቆርጣ ወለል ላይ ወደቀች።

ከበሮው ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ስለ ፍጥነት ነው። ስድስት ከተተኮሰ በኋላ ሌላ ስድስት ማጉረስ አለ፤ ግጥሚያ የሚሸነፈውም እዚያ ነው። የቀዳዳዎቹ አፍ ጠርዝ በትንሹ ይሞረዳል፤ ጥይቱ ሳይደናቀፍ እንዲገባ። ጥይቶቹን በአንድ ላይ የምትይዘው ሙን ክሊፕ የምትባል ክብ ቀጭን ላሜራ ናት። ታሪኳ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ አነሰው፤ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስድስት ጎራሽ እንዲሠሩለት ጠየቀ፤ ጥይቱ ግን ለሌላ ዓይነት ሽጉጥ የተሠራ ቂጡ ጠርዝ የሌለው ነበር። ጠርዝ ከሌለው ከበሮው ውስጥ ይዞ የሚያወጣው የለም። መላ የተባለው ሦስት ሦስት ጥይት የምትይዝ ግማሽ ጨረቃ ላሜራ ሆነች፤ መሣሪያውም በዓመቱ ስም ሞዴል 1917 ተባለ። የችግር ጊዜ መላ የነበረው ነገር ኋላ ሙሉ ክብ ሆኖ ለውድድር ዋና ነገር ሆነ። ስድስቱን ባንዴ ማስገባት፣ ስድስቱን ባንዴ ማራገፍ።

ላሜራዋ ግን ስስ ናት። በወረቀት ውፍረት ከተጣመመች የከበሮውን ጀርባ ትነካና መዞር ታስቸግራለች። በዚህ ላይ የካዛንቺስ ትምህርቴ ሠራልኝ። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ልኳን የምትፈትን መለኪያ ሠራሁ፤ የማታልፈዋን ላሜራ እጥላለሁ። ወሬው ተሰማና ከሌላ ከተማ ሳይቀር ላሜራ እየቋጠሩ የሚመጡ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ደጃፉ ላይ ቆመው «ኢትዮጵያዊው አለ?» ይላሉ። ከማሽን ክፍሉ ወጥቼ ስቀበላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው አገሬን ጠርቶ የሚፈልገኝ በልኬ ትክክለኛነት ነዋ።

እጀታውን የሠራሁት ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ ከመጣልኝ ወይራ ነው። እጄ ትንሽ ናት፤ የፋብሪካው እጀታ ጣቴን ከምላጩ ያርቅብኛል። ከኋላ አሳስቼ፣ ከጎን ሞልቼ፣ መዳፌ ሲያልበው እንዳያዳልጥ ሻካራ አድርጌ ተውሁት። የባሻ እጀታ ብር ነበረበት፤ ብር ያምራል፣ ያንሸራትታል። ወይራው ግን ከእኔ በቀር ለማንም እጅ አልተስማማም። ፊት ለፊት ባለው ማነጣጠሪያ ላይ የቀን ብርሃን ሰብስባ የምትደምቅ ቀይ ክር ገባች። ቀበቶው ላይ ላሜራዎቹ የሚሰኩባቸው ዘንጎች ተደረደሩ። ማህደሩ አፈሙዙን በጥቂቱ ብቻ ደግፎ የያዘ ክፍት ነገር ሆነ። ይህን ሁሉ ለብሶ ፒያሳ ላይ የወጣ ሰው የቧንቧ ሠራተኛ ይመስላል።

ግጥሚያው ሜዳ ላይ ስገባ ከሁሉ በፊት ያስደነቀኝ ጸጥታው ነው። በመቶ የሚቆጠር ሽጉጥ ባለበት ቦታ ጥይት የጎረሰው አንድ ብቻ ነው፤ መስመሩ ላይ የቆመው ተራ ደራሽ። የሌላው ሁሉ ባዶ ሆኖ ማህደር ውስጥ ነው። ለማየት ሲባል እንኳ ሽጉጥ የሚወጣው ለዚያ በተከለለ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥይት መንካት ክልክል ነው። አፈሙዙ ከተፈቀደው አቅጣጫ ካለፈ፣ ጥይት ሳይተኮስም ቢሆን፣ ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሻምፒዮን ቢሆን አይማርም። ዳኛው ከጎን ቆሞ «አዘጋጅ» ይላል፤ «ዝግጁ?» ይላል፤ «ጠብቅ» ይላል፤ ከዚያ ሰዓት መያዣዋ ትጮኻለች። ሲጨርስ ከበሮው ተከፍቶ ባዶነቱ ለዳኛው ይታያል። ባሻ ጆሮ እየጠመዘዙ ያስተማሩን ሕግ እዚያ ደንብ ሆኖ ተጽፎ አገኘሁት።

የስድስት ጎራሽ ብቻ የሆነ ማኅበር አለ፤ አይኮር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቋቋመ። አቆጣጠሩ ሰዓት ነው። ዒላማው መሐል ላይ ቀለበቶች አሉት፤ ከመሐሉ ወጣ ያለ ምት 1 ሴኮንድ፣ የባሰው 2 ሴኮንድ ያስቀጣል። የፈጠነ ግን የሳተ ይሸነፋል፤ የማይስት ግን ያንቀላፋም ይሸነፋል። ጥይት አቅልሎ ማታለል እንዳይኖርም ልክ ተበጅቶለታል፤ የአረሩ ክብደት በግሬን በፍጥነቱ ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል። 230 ግሬን የሚመዝን አረር በሴኮንድ 740 ጫማ ቢበር 170 ይሆናል። አይኮር ዝቅተኛውን 120 ብሎ ወስኗል። ፍጥነቱን የሚለካ መሣሪያ ሜዳው ላይ ይቆማል፤ የተወዳዳሪው ጥይት በድንገት ተወስዶ ይፈተናል። ካሊብሮ አይዋሽም የሚለው ትምህርቴ እዚህም ተከተለኝ።

አውቶማቲክ ሽጉጥ የያዘ ሰው እየተኮሰ ይሮጣል፤ ስድስት ጎራሽ የያዘ ሰው ግን ሳይተኩስ በፊት አስቦ ይጨርሳል። ከዚህ በር አራት፣ ከዚያ ጥግ ሦስት ዒላማ ካለ ድምሩ ሰባት ነው፤ ሰባተኛው ጥይት የለም። የት ቆሜ ልተኩስ፣ የት እየሮጥሁ ልጉረስ፣ ስቼ ብደግምስ ማን ይጎድልብኛል? ሜዳው ዳር ዓይናቸውን ጨፍነው በባዶ እጃቸው እየጠቆሙ የሚዞሩ ሽማግሌዎች ታያለህ፤ ሒሳብ እየሠሩ ነው። ስድስት ብሎ መቁጠር ያስተማረኝን ትዕግሥት ሌላ ነገር አላስተማረኝም። በሕይወትም ቢሆን የቀረኝን ሳላውቅ ወደ ጥግ አልሄድም።

ወደዚህ ጨዋታ ታሪክ ስገባ አንድ ቀን ላይ ደርሼ ቆምሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ፣ ጆን ፔይን የሚባል የቦስተን ሰው በ25 ሜትር የጦር ሽጉጥ አሸነፈ። ቀኑ ኤፕሪል 10 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም.። አድዋ የካቲት 23 ነው። ቁጠሩት፤ አርባ ቀን ነው። እዚህ የአድዋ ሟቾች አርባ በሚወጣበት ሰሞን፣ እዚያ ባሕር ማዶ ሰዎች ወረቀት ላይ ይተኩሱ ነበር። ጆንና ወንድሙ ሰምነር ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስድስት ጎራሾች ይዘው ነበር የሄዱት። ምን እንደሚጠብቃቸው ስላላወቁ 3,500 ጥይት ተሸክመው ሄዱ፤ የተኮሱት 96 ብቻ ነው። ጆን በማግሥቱ በነበረው የ30 ሜትር ግጥሚያ፣ አስተናጋጆቹን ግሪኮች ደጋግሞ ማሸነፍ ነውር ነው ብሎ ሳይገባ ቀረ፤ ሰምነር ወሰደው። ግሪኮችም አላፈሩም፤ የፈጣን ተኩሱን ግጥሚያ ዮአኒስ ፍራንጉዲስ አሸነፈላቸው። ይህን ባነበብሁ ቀን የባምቢሱ ግሪክ ባለሱቅ ትዝ አለኝ፤ ዱቄትና የወይራ ፍሬ ከሚሸጥልን ሰው አገር ይህን ታሪክ ሰምተን ቢሆን ኖሮ ባሻን ብዙ የምጠይቃቸው ነበረኝ።

በዚያው ዓመት ሁለት አገሮች መሣሪያ አንስተዋል፤ የእኛው ለህልውናችን ነበርና አይወዳደርም፤ አላወዳድረውም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እነሱ ስድስት ጎራሹን ይዘው የሰው እጅ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ መለካት ቀጠሉ። ኤድ ማክጊቨርን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 አምስት ጥይት በ0.45 ሴኮንድ ተኮሰ፤ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ የብር ሳንቲም ይሸፈን ነበር። የሉዊዚያናው ጄሪ ሚኩሌክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999 ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ ሌላ ስድስት ተኮሰ፤ ሁሉም በ2.99 ሴኮንድ። የተጠቀመበት 625 ነው፤ ላሜራዋም ያቺው ሙን ክሊፕ። እኛ ደግሞ መሣሪያውን መውረስ፣ መሸለም፣ መደበቅ፣ ማስረከብ ቀጠልን። የማን ነው የሚለውን በሚገባ እናውቃለን፤ ያዡ ምን ይችላል የሚለውን ለመለካት ግን ጊዜ አላገኘንም፤ ወይም አልፈለግንም።

አሁን ወደ ባምቢስ ስመጣ የማውቀው ሰፈር የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲገባ ቶርኖ ቤቶቹ፣ ጠጅ ቤቶቹ፣ የባሻ ግቢ የነበረበት መንደር ሁሉ ፈረሰ፤ ሰዉ ከከተማው ዳር ተበተነ። ባምቢስ መንገዱ ዳር ቡና የምጠጣው ከቀሩት ጋር፣ ይበልጡንም ከልጆቻቸው ጋር ነው። የሰሜኑን ጦርነትና ከዚያም በኋላ የመጣውን ሰምተው፣ አንዳንዶቹም ዘመድ ቀብረው ያደጉ ናቸው። በውጭ አገር ስድስት ጎራሽ አበጅ እንደነበር ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ስንት ሜትር ይገድላል?» ቀጥሎ ደግሞ ዋጋው።

መሣሪያዎቼ ቨርጂኒያ ናቸው፤ ይዣቸው ልምጣ አላልሁም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ባይከለክልም አላመጣም ነበር። አገሩ የጎደለው ሽጉጥ አይደለም። ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚፈለገው መሣሪያ ባሩድ እንኳ የለውም። በአየር ግፊት 4.5 ሚሊ ሜትር ፍሬ የሚተኩስ ሽጉጥ አለ፤ በ10 ሜትር ላይ ይተኮሳል፤ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው ኢትዮጵያ ባልሄደችበት በሴኡሉ፣ በ1981 ዓ.ም. መስከረም ነው። ወታደር አይቀናበትም፤ ሽፍታም አይሰርቀውም።

ባለፈው ከልጆቹ ጋር ስንጫወት የሚኩሌክን ሰዓት ነገርኳቸው። «አሥራ ሁለት ጥይት በ2.99 ሴኮንድ? ማንን መታ?» አለ አንዱ።

«ወረቀት።»

«ወረቀት ብቻ?»

«ወረቀት ብቻ።»

ሳቁ። ከመካከላቸው ጋራዥ የሚሠራ አንድ ልጅ ግን አልሳቀም። እጁን እያየ «እጁን እንዴት ቢያሠለጥነው ነው?» አለኝ። እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ባምቢስ ላይ አልነበረም። ምላጩ ለምን እንደሚለሰልስ፣ ባዶ መሣሪያ ለምን የለም እንደሚባል፣ ስድስት እንዴት እንደሚቆጠር እስኪመሽ ነገርሁት። ለሱ ዓይነቱ ልጅ የሚያስፈልገው 10 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል፣ ወፍራም ግድግዳ፣ የወረቀት ዒላማና ጆሮ የሚጠመዝዝ አንድ ሽማግሌ ነው። ክፍሉን የሚሰጥ ከተገኘ ለሽማግሌነቱ እኔ አለሁ።